የግራ እጅ ትምህርት

በመታወቂያው ላይ ያለውን ስሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ሰፈሩም፣ የሥራ ባልደረቦቹም፣ ሚስቱም ሳትቀር ሶሎ ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት በጎረምሳነቱ ነው። ጊታር ይዞ ከተቀመጠ፣ ዘፋኙ ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን የሚያወራባትን ቦታ ካልሆነ በቀር ሌላውን አይነካም ነበር። ዘፈን ለእሱ ከመሃል ይጀምራል፣ እዚያው መሃል ላይ ያልቃል። ማጀብ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ምንም የሌለው ሰው እንዲህ ሲኮራ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል፤ ሌላ ምን አለውና።

ሥራው ሸሚዝ መተኮስ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ላውንደሪ፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በዚያው ጠባብ መስኮት ሥር ቆሟል። መጀመሪያ ኮሌታ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ከዚያ የእጅጌ ጫፍ፣ ከዚያ እጅጌ፣ በመጨረሻ ገላው፤ ገላውን ደግሞ ሁልጊዜ ቁልፍ ከተተከለበት ወገን ይጀምራል። ሰባ ሸሚዝ ቢመጣለት ሰባውንም እንዲሁ። ጓደኞቹ “ይሄ ተኳሽ አንድ ሰው እንኳ ሳይመታ ጡረታ ሊወጣ ነው” እያሉ ይቀልዱበታል። ሥራው ለጊታር ተጫዋች መርገምት ነው። የጣት ጫፍ ካልደነደነ ክር ላይ አይቆይም፤ የካውያው እንፋሎት ደግሞ ቤት ያደነደነውን ሥራ ቦታ መልሶ ያለሰልሰዋል። ቅዳሜ ያበጀውን ጣት ሰኞ ያጣዋል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ከራሱ ጣት ጋር ሲታገል ኖረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነው ይሰበሰቡ ነበር። አንዱ ሶሎ ነው። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ሠሪው ነው፤ ኮረንቲ ይሉታል፣ ከበሮ ይመታል፣ የሚገናኙትም በእሱ ሱቅ ጓዳ ነው። ሦስተኛው ቤዝ የሚጫወተው ፋርማሲስት ነው። እሱን ዶክተር ይሉታል፣ እሱም እርማት ሰጥቶ አያውቅም። አምፕሊፋየራቸውን ኮረንቲ ራሱ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ባገኘው ድምፅ ማጉያ ነው የገጣጠመው፤ ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። እውነቱን ለመናገር ከሚጫወቱት የሚጨቃጨቁት ይበልጣል። ክሩ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም? የጊታሩ እንጨት ምን ነበር? ዶክተር ዓይኑን ጨፍኖ እንጨቱን በድምፁ እለየዋለሁ ይላል።

“አንተ ኪኒን ከኪኒን መለየት አቅቶህ መነጽር ያደረግክ ሰው እንጨት ትለያለህ?” ይለዋል ኮረንቲ።

“ኪኒን አይጮህማ።”

የሚጨቃጨቁበት እንጨትና ክር የአንድ ሰው ነው። ባሕር ማዶ የኖረ፣ ሦስቱም አንድ ቀን በአካል ያላዩት፣ በወጣትነቱ የሞተ የሮክ ጊታር ተጫዋች። እነሱ ጋሼ ነው የሚሉት። “ጋሼ እዚህ ጋ ክሩን ወደ ላይ ይገፋዋል”፣ “ጋሼ ይሄን ቢሰማ መቃብሩ ውስጥ ይገላበጣል” ይላሉ፣ ልክ የአባታቸው ታናሽ ወንድም ይመስል። ከጋሼ የቀረው ሁለት ካሴትና አንድ ፖስተር ነው። ፊልም አለው ሲባል ይሰማል፣ ያየ ግን የለም። ካሴቶቹን ተበዳድረው እስኪሳሱ ሰሟቸው። ፖስተሩ የሶሎ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ከአንደኛው ካሴት ጋር አንድ ከውጭ የተመለሰ ሹፌር ሰጠው። ነጭ ሸሚዝ እስከ ደረቱ ተከፍቶ፣ ፀጉሩ ፊቱ ላይ ወርዶ፣ የጊታሩን አንገት በቀኝ እጁ ጨብጦ፣ በግራው ክሩን ሲመታ። አዎ፣ በግራው። ጋሼ ግራ እጅ ነበር።

ሶሎ ግን ቀኝ እጅ ነው። በቀኝ ይጽፋል፣ በቀኝ ይበላል፣ በቀኝ ይተኩሳል። ያኔ ግን ፖስተሩን አይቶ “ጋሼ በግራ ከመታ እኔ ማን ሆኜ ነው በቀኝ የምመታው” አለ። ክሮቹን ፈትቶ ገልብጦ አሰራቸው። ክሮቹ የሚያርፉባትን ቁራጭ አጥንት አውልቆ አዲስ ሞረደ። እጁ እንዲለምድለት ማንኪያ በግራ ያዘ፣ ጥርሱንም በግራ ፋቀ፤ እናቱ “ልጄን ምን ለከፈብኝ” ብላ ሰው አማከረች። እጁ ጊታሩን ለመደ፣ አልለመደም አይባልም። ቀስ ብሎ የሚሄደውን ሲጫወት ሰው ያስለቅሳል። ጋሼ የሚሮጥባት ቦታ ሲደርስ ግን ግራ እጁ ይሰናከላል። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያችው ቦታ ላይ ተሰናከለ። አንድ የሙዚቃ ባንድም በዚህ ምክንያት ሳይቀበለው ቀረ። እሱም “ስጦታው የለኝም፣ ፍቅሩ ብቻ ነው የተሰጠኝ” ብሎ አመነ፤ አምኖም ኖረ።

ፍቅሩ ለልጁ ተረፈ። አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ስምንት ዓመት ሲሆናት ጊታሩን አንስታ እንደ ማንኛውም ቀኝ እጅ ሰው አቀፈችው። ሶሎ ሳቀና አዞረላት። “እንዲህ ነው የኔ እናት፣ እንደ ጋሼ።”

“አባዬ፣ እጄ እምቢ አለኝ።”

“ይለምዳል። የእኔም እምቢ ብሎኝ ነበር።”

ለመደ። አሥራ አንድ ዓመት በዚያው ቀጠለች። ጆሮዋ ከአባቷ ይበልጣል፤ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ትምህርቷን ስትጨርስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈተነች። ትምህርት ቤቱ በዓመት ጥቂት ሰው ነው የሚቀበለው፣ ሃያ ዓመት የሞላውንም አይቀበልም። የመጀመሪያውን ዓመት ጣሏት። ወረቀቱ ላይ “ስሜቷ እጅግ ጥሩ፣ የምትመታበት እጅ ዘገምተኛ” ተብሎ ተጽፎ ነበር። ቀጣዩ ፈተና የመጨረሻዋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋ ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ ከመኝታ ቤት አልወጣችም። ጣቷ ይደማል፣ ትጠቀልለዋለች፣ ትቀጥላለች። እናቷ በሩ ላይ ቆማ “ኧረ እባክሽ እረፊ” ስትል፣ “ልደርስበት ትንሽ ነው የቀረኝ” ትላለች። ያችን ትንሽ አባቷም ያውቃታል። እሱ እንኳን ሠላሳ አንድ ዓመት አልደረሰባትም።

ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ኮረንቲ ሱቁን ዘግቶ ጠበቃቸው። የእህቱ ባል ከውጭ ቪዲዮ ካሴት ልኮለታል። ጋሼ! በሕይወቱ፣ ሲንቀሳቀስ! ዶክተር ከራቫት አስሮ ነው የመጣው፤ ለምን እንዳሰረ ራሱም አላወቀም። ሶሎ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ምስሉ ተንቀጥቅጦ ጠራ። ጋሼ ወጣ። ያ ፀጉር፣ ያ ሸሚዝ፣ ያ ጊታር። በቀኝ እጁ ክሩን መታ።

ኮረንቲ መጀመሪያ ሳቀ። “ምነው ጋሼ፣ እጅ ቀየርክ እንዴ?”

“ፊልሙ ተገልብጦ ነው” አለ ሶሎ።

“ከበሮው ላይ የተጻፈውን እየው” አለ ዶክተር ቀስ ብሎ። ፊደሎቹ በደንብ ይነበባሉ። የተገለበጠ ፊልም ጽሑፉንም ይገለብጠዋል። ጋሼ የሚሮጥባት ቦታ ደረሰ፤ ቀኝ እጁ ምንም እንዳልደከመ አለፋት።

“እንግዲያው የተገለበጠው ፖስተሩ ነዋ” አለ ኮረንቲ። አሁን አይስቅም።

ሶሎ ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ፖስተሩ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ እንደተሰቀለ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሞ ሸሚዙን አየ። የወንድ ሸሚዝ ቁልፉ በቀኝ፣ ቀዳዳው በግራ ነው፤ የሴት ነው በተቃራኒው የሚሆነው። የጋሼ ሸሚዝ ቁልፉ በግራ ነው። ኪሱም በቀኝ ደረቱ ላይ። ወይ ነዶ! ሌላ ሰው ባያየው ምንም አይደል። ሃያ ስድስት ዓመት በቀን ሰባ ሸሚዝ ከቁልፉ ወገን ጀምሮ የተኮሰ ሰው፣ ያን ሸሚዝ ጠዋት ማታ እያየ እንዴት ያልፈዋል? ስንወድ አናይም ይባላል። እኔ ግን የሶሎን ያህል የወደደ አላየሁም፣ የሶሎን ያህል የታወረም አላየሁም።

ለራሱስ ቢሆን ባልከፋ። የእሱ ሠላሳ አንድ ዓመት አልቋል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልጅቷ ግን በግድግዳው ማዶ ነበረች። ያችኑ ቦታ ትጀምራለች፣ ትሰናከላለች፣ ትመለሳለች። ጓደኞቹን ገና ከሱቁ ሳይወጣ አስምሏቸዋል፤ አንድ ቃል ከአፋቸው እንዳይወጣ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ከፈታኞቹ አንዷን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች መምህርት፣ ቢሮዋ ውስጥ ዳቦዋን ስትበላ አገኛት። የእኔ ልጅ ናት ለማለት አፉ አልታዘዘለትም።

“የወንድሜ ልጅ ናት” አላት። “ቀኝ እጅ ሆና ሳለ በግራ አስተምረዋት... እጅ መቀየር ይቻላል?”

“ስንት ዓመት ተማረች?”

“አሥራ አንድ።”

መምህርቷ ዳቦዋን አስቀመጠች። “ለመሆኑ ያስተማራት ሰውዬ በየትኛው እጅ ትጽፊያለሽ ብሎ አልጠየቃትም?”

ሶሎ ካውያ የሚይዝበትን ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

“ከዜሮ መጀመር ነው” አለች። “ግን ተስፋ አይቁረጡ። ለእንደዚህ ያሉት የመሰናዶ ክፍል አለን። ጆሮዋን ብቻ እንፈትናለን፣ እጇን ከዚያ እናስተምራታለን። አምና አንድ ልጅ እንዲሁ አስገብተናል። ግን ራሷ መጥታ ነው መጠየቅ ያለባት። አሥራ አንድ ዓመት ጥሎ እንደ ሕፃን መጀመርን ሌላ ሰው አይወስንላትም። ደግሞ ከመጫወቷ በፊት ይንገሩን። ከተጫወተች በኋላ የምንጽፈው የሰማነውን ነው።”

መድኃኒቱ ይኸው እጁ ላይ ነበር። ምንም አይጠይቅም፤ ቤት ገብቶ “ልጄ፣ ተሳስቼ አሳሳትኩሽ” ማለት ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ሶሎ መድኃኒቱን አግኝቶ በሽታውን ደበቀ።

ያን ዕለት ሊነግራት ገባ፤ ደክሟት ተኝታለች፣ ይደር አለ። ማግስቱን እናቷ ነበረች፤ እናቷ ፊት አይሆንም አለ። ረቡዕ ብቻዋን አገኛት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“ለመሆኑ በቀኝሽ ሞክረሽ ታውቂያለሽ?”

ሳቀች። “አንተ አይደለህ እንዴ ያስጣልከኝ? ገና አንገቱን ስይዝ ዞር አድርገህ፣ እንደ ጋሼ፣ እንደ ጋሼ!” ድምፁን ስታስመስለው ሚስቱ ከውጭ ሆና ሳቀች። እሱም አብሯቸው ሳቀ። እንዴት አድርጎ እንደሳቀ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ በኋላ ተስፋ የሚባል ነገር መጣበት። ምናልባት ታልፋለች አለ። እጇ ከአምና ይሻላል፤ አሁን ብነግራት ልቧን እሰብረዋለሁ፤ ከፈተናው በኋላ ስትገባ እየሳቅን እናወራዋለን። ሰው ከራሱ ጋር ሲደራደር ሁልጊዜ ይረታል። ሥራ ቦታ ሁለት ሸሚዝ አቃጠለ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም አቃጥሎ አያውቅም ነበር። ሚስቱ “ምን ሆነሃል?” ስትለው “ጨጓራዬ ነው” አላት። ዶክተር አንድ ቀን ላውንደሪው ድረስ መጥቶ “ንገራት እንጂ ወንድሜ፣ ለማን ብለህ ነው?” ሲለው፣ እንፋሎቱን ከፍቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ፈተናው ደረሰ። ጠዋት አብሯት ሄደ። የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ረጅም ነው፤ በግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ በየወንበሩ ልጅ፣ በየልጁ ጭን ላይ መሣሪያ። ልጁ የጣቷን መጠቅለያ ፈትታ ክሯን ታስተካክላለች። ሶሎ አሁን ነው አለ። አሁን ካልሆነ መቼ። አፉን ከፈተ።

በሩ ተከፈተና ያቺ መምህርት ወጣች። አየችው፣ አወቀችው፣ ቀጥ ብላ መጣች።

“መጡ እንዴ? የወንድምዎ ልጅስ የታለች? ስሟን ለመሰናዶ ልያዝላት እየጠበቅኩ ነበር።”

እግዚአብሔር ከዚህ በላይ ምን ያድርግለት? አፉ ውስጥ ድረስ አምጥቶ አቀረበለት። ልጁ ቀና ብላ ታየዋለች፤ በዚያ ዓይኗ፣ አባቷ ሁሉን ያውቃል በሚለው ዓይኗ።

“ቀረች” አለ።

“ያሳዝናል” አለች መምህርቷ። ወረቀቷን አየችና የልጅቷን ስም ጠራች።

“የየትኛው ወንድምህ ልጅ ናት?” አለችው ልጁ እየተነሳች።

“ኋላ እነግርሻለሁ። ግቢ፣ ግቢ።”

በሩ ተዘጋ። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ቀስ ብሎ የሚሄደውን ጀመረች፤ ኮሪደሩ ውስጥ ያሉት ልጆች ሳይቀሩ መሣሪያቸውን መነካካት ተዉ። አንዲት እናት “የማን ልጅ ናት?” አለች። የእኔ፣ ሊል ፈለገ። ከዚያ ጋሼ የሚሮጥባት ቦታ መጣች። ሮጠች፣ ሮጠች፣ ተሰናከለች። ቆመች። እንደገና ከጀመረችበት ተነሳች፣ እዚያው ላይ ተሰናከለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትነሳ ሶሎ በሩን በርግዶ ገባ።

“አቁሙ!” አለ። “የእሷ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። ቀኝ እጅ ናት። እኔ ነኝ የገለበጥኳት። የወንድሜ ልጅ አይደለችም፣ የኔው ናት፤ ያቺ ያልኩዎት እሷ ናት!”

ሦስቱ ፈታኞች ተያዩ። መምህርቷ መነጽሯን አወረደች። ልጁን አየቻት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት፣ ከዚያ እሱን። “ከመጫወቷ በፊት ይንገሩን ብዬዎት ነበር” አለች። “በር ላይም ጠየቅኩዎት።” ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፤ ቢኖረው ይሻለው ነበር። ለመነ። ከፈለጋችሁ ልንበርከክ አለ፤ ተንበረከከም። አንደኛው ፈታኝ ወንበሩን ለቆ መጥቶ አነሳው። ሕጉ ሕግ ነው፣ ውጭ የሚጠብቁት ልጆችም ሰው ናቸው፣ የተሰማው ተጽፏል አሉት።

ኮሪደሩ ጫፍ፣ ደረጃው አጠገብ ነገራት። ፖስተሩን፣ ፊልሙን፣ ሸሚዙን፣ ሁሉንም። ከጨረሰ በኋላ ፈጽሞ አልጮኸችበትም። ጊታሩን በሣጥኑ ውስጥ አድርጋ ሦስቱንም ማያዣ አንድ በአንድ ዘጋች።

“ፊልሙን መቼ ነው ያየኸው?”

“አሥር ቀን ሆነው።”

“ሴትየዋን ያነጋገርካትስ?”

“በሳልስቱ... ሰኞ።”

ራሷን ነቀነቀች። “አሥራ አንዱን ዓመት ተወው። አላወቅክም፣ አንተም እንደኔው ነህ። አሥሩን ቀን ግን ምን ልበለው አባዬ?”

“ፈርቼ ነው።”

“ምኑን?”

“አባትሽ ሞኝ መሆኑን እንዳታውቂ።”

ሣጥኑን በቀኝ እጇ አነሳች።

“እሱንማ ድሮም አውቀው ነበር” አለች። “ያንን ሞኝነትህን ነበር እኮ የምወደው።”

ደረጃውን ወረደች። ሊከተላት አንድ እግሩን አወረደና ምን ብሎ እንደሚጠራት ስላላወቀ ቆመ። ከኋላው የሌላ ሰው ልጅ መጫወት ጀምራ ነበር። ፈተናው አልቆ፣ ኮሪደሩ ባዶ ሆኖ፣ ዘበኛው መጥቶ “ወንድም፣ ልንዘጋ ነው” እስኪለው ድረስ ሶሎ እዚያው ደረጃ ላይ ነበር።